የደብዳቤ ማዕርግ፤ ከቃል መልእክት እስከ መዝገብ ቤት

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ደብዳቤ፣ ከራስጌው ቁጥርና ቀን፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ የተቀባዩ ስም፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ» የሚለው መሥመር፣ በግርጌውም «ከሰላምታ ጋር» ከሚለው ቃል ጋር ፊርማና ክብ ማኅተም የሰፈሩበት ወረቀት፣ ከጽሕፈት መኪናው ጋር አብሮ ከባሕር ማዶ የገባ ልማድ ይመስለን ይሆናል፤ መልኩም በከፊል እንዲሁ ነው። ነገር ግን የማን ስም ይቅደም፣ በማን እጅ ይላክ፣ መልሱስ ከማን ይጠበቅ የሚሉት፣ ጸሐፊውን ብዙ ጊዜ ከጉዳዩ ከራሱ ይልቅ የሚያስጨንቁት ነገሮች፣ ወረቀት በቤተ መንግሥት ሳይለመድ ከነበረው ከቃል መልእክት ሥርዓት የተወረሱ ናቸው። ደብዳቤ በእኛ አገር መጀመሪያ የታሰበው እንደ ጽሑፍ ሳይሆን፣ ቆሞ እንደሚናገር ሰው ነውና፣ ለሰው የሚገባው ክብርና ለሰው የሚገባው ጥንቃቄ ሁሉ ተደረገለት።

ቃል ከወረቀት በፊት እንዴት ይከበር እንደ ነበር አይተው ከጻፉልን ሰዎች አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ካህን ነው። ይህ ካህን ከመልእክተኛው ከሮድሪጎ ደ ሊማ ጋር በ1512 ዓ.ም. በምጽዋ ገብቶ፣ እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ሲቀመጥ፣ ንጉሡ በመጋረጃ ውስጥ ተሠውሮ፣ ጥያቄውና መልሱ በተመላላሾች አፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በሌሊት፣ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲተላለፍ ተመልክቷል። የንጉሥ ቃል የመጣለት ሰው ከቤቱ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በእግሩ ቆሞ፣ ከወገቡ በላይ ተራቁቶ ይሰማ እንደ ነበር፣ ቃሉም የደስታ ቃል ሲሆን ወዲያው ልብሱን ይለብስ እንደ ነበር ይነግረናል። ይህ ለእንግዳው ካህን የሚያስገርም ነገር ሆኖ ሳለ፣ አያቶቻችን በጌታ ፊት ሸማቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሥረው፣ አደግድገው ሲቆሙ ላየ ሰው ግን የዚያው ሥርዓት ፍጻሜ መሆኑ አይጠፋውም። ልብ ማለት የሚገባው፣ ክብሩ የተሰጠው ለመልእክተኛው አለመሆኑን ነው፤ መልእክተኛው ምናልባት ትንሽ ብላቴና ሊሆን ይችላል፤ ታላቁ መኰንን የቆመው ግን በዚያ ብላቴና አፍ ለሚመጣው ቃል ነው።

አልቫሬዝ ከዚህ የበለጠ ለጉዳያችን የሚጠቅም አንድ ነገር አቆይቶልናል። ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ይጻፍ ባሉ ጊዜ ሥራው ብዙ ቀን ፈጀ፤ ምክንያቱንም ካህኑ ሲገልጥ፣ በዚህ አገር ሰዎች እርስ በርሳቸው መጻጻፍ አልለመዱም፤ ነገራቸው ሁሉ በቃል ነው ይላል። ስለዚህም ሊቃውንቱ የቅዱስ ጳውሎስን፣ የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ ያዕቆብን መልእክታት አስመጥተው፣ አጥንተው፣ ከዚያ በኋላ በግእዝ፣ ቀጥሎም በዐረብኛና በፖርቱጋል ቋንቋ መጻፍ ጀመሩ። ይህን ያነበበ የዘመናችን ሰው ፈገግ ሊል ይችል ይሆናል፤ እኔ በበኩሌ ግን ከዚህ የተሻለ አብነት ከየት ሊያመጡ ይችሉ እንደ ነበር አይታየኝም። ጳውሎስ አስቀድሞ ስሙንና የተሾመበትን ይናገራል፤ ቀጥሎ የሚጽፍላቸውን ይጠራል፤ ጸጋንና ሰላምን ይመኛል፤ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ከዚያም ወደ ነገሩ ይገባል፤ በመጨረሻም ሰላምታ ያቀርባል። በኋላ ዘመን የነገሥታቶቻችንን ደብዳቤዎች የሚመረምር ሰው፣ ይኸው አካሄድ ከሞላ ጎደል ሳይፈርስ፣ ከሥላሴ ስም ጀምሮ በላኪው ማዕርግ፣ በተቀባዩ ስም፣ በጤና ጥያቄና በምስጋና አልፎ ወደ ጉዳዩ ሲደርስ ያገኘዋል።

በጎንደር ዘመንም ቢሆን ከንጉሡ አፍ ወደ ሕዝቡ ጆሮ የሚደርሰው ነገር በመካከል ሰው ያልፍ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ «ቃለ ዐፄ» የሚባለው ሹም በመስኮት አጠገብ ቆሞ የንጉሡን ነገር ተቀብሎ ለችሎቱ ያሰማ እንደ ነበር ጽፏል፤ አፈ ንጉሥ የሚለው ሹመትም እስከ ዘመናችን የደረሰው ከዚሁ ሐሳብ የተነሣ ነው። ከታች ወደ ላይ ለሚሄደው ነገር ደግሞ ባልደራባ ነበረ። በቤተ መንግሥት ጉዳይ ያለው ሰው፣ መኰንንም ይሁን ነጋዴ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ፣ በቀጥታ ገብቶ አይናገርም፤ የተመደበለት ባልደራባ ነገሩን ሰምቶ፣ ጌታው የተደሰተበትን ሰዓት ጠብቆ፣ የሚበዛውን ቀንሶ፣ የሚጎረብጠውን አለስልሶ ያቀርብለታል፤ መልሱንም እንዲሁ ይዞለት ይመለሳል። ባለጉዳዩ እስከዚያው ደጅ ይጠናል። ደጅ ጥናት ቀን ከመፍጀቱ በላይ የትዕግሥት መፈተኛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በዚያ ደጅ የቆመ ሰው ሳያስበው የሚማረው ነገር ነበረ፤ ማን ከማን በፊት እንደሚገባ፣ የትኛው ነገር በየትኛው ቀን እንደማይነሣ፣ በቁጣ የተጀመረ አቤቱታ እንዴት ከበር እንደሚመለስ። ባልደራባው መልካም ሰው ሲሆን የሁለቱንም ወገን ክብር ይጠብቃል፤ ክፉ ሲሆን ግን የሁለቱንም ጆሮ ይሸጣል፤ ይህም አይቀርም ነበር።

ጽሕፈት እየበዛ ሲሄድ የዚህ ሁሉ ሸክም በጸሐፌ ትእዛዙ ላይ ወደቀ። ጸሐፌ ትእዛዝ የቤተ ክህነት ልጅ ነው፤ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከቅኔው ወይም ከመጻሕፍቱ ቀምሶ የመጣ ሰው በመሆኑ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ በቁም ጽሕፈት ብራና ላይ ሲጽፍ የእግዚአብሔርንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም መለየት የለመደ እጅ ነበረው፤ ስምን በማዕርጉ መለየት ከሕፃንነቱ የተማረው ነገር ነው ማለት ይቻላል። በቤተ መንግሥት ደብዳቤም ይህን ልምዱን በሌላ መንገድ ተጠቀመበት። ላኪው የበላይ ከሆነ ስሙ ከነማዕርጉ ይቀድማል፤ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብሎ፣ ስሙን ጠርቶ፣ «ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ካለ በኋላ «ይድረስ ከ…» ብሎ ተቀባዩን ይጠራል። ላኪው የበታች ሲሆን ግን በጌታው ስም ይጀምራል፤ የራሱን ስም ወደ ኋላ ይተዋል። የንጉሡም ማኅተም ዛሬ እንደምናደርገው ከግርጌ ሳይሆን ከራስጌ፣ ከጽሑፉ በላይ ይታተማል፤ ንጉሥ አይፈርምምና፣ አንበሳው ራሱ እንደ ፊርማ ሆኖ፣ ከቃሉ በፊት ገብቶ ተቀባዩን ያስነሣዋል። ደብዳቤውን የያዘው መልእክተኛም ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ ከፍ አድርጎ ይሄድ ነበር፤ ያየው ሁሉ የጌታ ነገር እያለፈ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ሥርዓት የማያውቅ ወይም ያቃለለ ሰው ምን ሊያደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ብፈልግ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከንግሥት ቪክቶሪያ ነገር የሚከብድ አላገኝም። ቆንስሉ ቻርልስ ዳንከን ካሜሮን በንግሥቲቱ ስም ሽጉጥ ገጸ በረከት አድርጎ በመጣ ጊዜ፣ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. በጥቅምት በአማርኛ ደብዳቤ አስጻፉ። ደብዳቤውን እንደ አንድ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ብንመረምረው ከቅንብሩ አንዳች የሚነቀፍ ነገር አይገኝበትም። በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዴት እንዳነገሣቸው ይናገራል፤ ወዳጆቻቸው ስለ ነበሩት ስለ ፕላውደንና ስለ ጆን ቤል ሞትና ስለ ተወሰደው በቀል ይገልጣል፤ ከዚያም ዋናውን ነገር ያቀርባል፤ ይኸውም መልእክተኞችን ከገጸ በረከት ጋር ወደ ንግሥቲቱ ለመላክ ሲያስቡ፣ በባሕሩ ዳር ያለው ቱርክ መንገድ እንዳይከለክላቸው ንግሥቲቱ መላ እንድትፈልግላቸው ነው። ልመናው አንድ ነው፤ የሚጠበቀው መልስም በቀላሉ ይታወቃል። ከሁሉ በላይ ግን ንጉሥ ለንግሥት፣ ክርስቲያን ለክርስቲያን፣ እኩያ ለእኩያ የጻፈው ነበር።

ደብዳቤው በሚቀጥለው የካቲት ሎንዶን ደረሰ፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም መልስ ሳይጻፍበት ተቀመጠ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ክፋት አስበው ነው ለማለት አልደፍርም፤ እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ከቱርክና ከግብፅ ጋር የነበራትን ወዳጅነት ለአንድ የሩቅ ንጉሥ ልመና ማናጋት አልፈለገችም፤ የማያመች ነገር ደግሞ ዝም ሲሉት ያልፋል ብሎ ማሰብ የመዝገብ ቤቶች ሁሉ የቆየ በሽታ ነው። በዚህ መካከል ካሜሮን ግብፆች ወደ ያዙት ወደ ከሰላ ሄዶ መመለሱ፣ ከመንግሥቱም ወደ ምጽዋ እንዲመለስ የሚል ትእዛዝ እንጂ ለንጉሡ የሚሆን ቃል ያለመምጣቱ፣ ቴዎድሮስን አስቈጣ። መልእክተኛ ተልኮ ባዶ አፉን መመለስ፣ በእኛ ሥርዓት፣ ከስድብ የሚብስ ነው፤ ስድብ እንኳ መልስ ነውና፤ ዝምታ ግን ላኪውን እንዳልተፈጠረ ያደርገዋል። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ታሰረ። ወዲያው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሎንዶን ላይ የንግሥቲቱ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ይዞት የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ግን ምጽዋ ላይ ብዙ ጊዜ ቆይቶ በንጉሡ ፊት የቀረበው በ1858 ዓ.ም. በጥር ነው። በመጀመሪያ በክብር ተቀበሉት፤ ኋላ እሱም ታሰረ።

የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መጣ፤ ዘመቻው የእንግሊዝን መንግሥት ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጣው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ቴዎድሮስ ከንግሥቲቱ በተሰጣቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። የታሪክ ሊቃውንት ለዚህ ጦርነት ሌሎች ምክንያቶችን ይቈጥራሉ፤ ልክ ናቸው፤ የንጉሡም ቁጣ ከልክ ያለፈ፣ በገዛ ሕዝባቸውም ላይ የበረታ እንደ ነበር አይካድም። ሆኖም አንድ ጸሐፊ በግማሽ ቀን ሊያረቀው የሚችል፣ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፤ የጠየቁት ነገር ለጊዜው አልተመቸንም» የሚል አጭር ወረቀት በጊዜው ቢላክ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ የሚቀርበት መንገድ ሊኖር ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዐፄ ምኒልክ ከዚህ ነገር የተማሩ ይመስለኛል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አስታወቁ፤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን እንዲህ ያለው ነገር ወደፊት በኢጣሊያ መንግሥት በኩል እንዲያልፍ የሚያሳስብ ሆነ። ይህ ነገር ከመንገሣቸው ጥቂት ወራት በፊት በውጫሌ ከተፈረመው ውል ከ17ኛው አንቀጽ የመጣ መሆኑ በሰፊው የተጻፈበት ስለ ሆነ አልመለስበትም። እኔን የሚገርመኝ፣ በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ይህን መልስ ሲያነብ ምን ሊሰማው እንደሚችል ነው፤ ሳይጠይቅ ባልደራባ ተሰጥቶታልና። ንጉሠ ነገሥት ለሌላው ባልደራባ ይሰጣል እንጂ ለእሱ አይሰጠውም። ምኒልክ ግን በቁጣ ሰው አላሰሩም፤ በ1883 ዓ.ም. በሚያዝያ የአገራቸውን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ለኃያላን መንግሥታት በገዛ ማኅተማቸው በቀጥታ ላኩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ዐድዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኚሁ ንጉሥ ዘመን የመልእክት መንገዱም ተለወጠ። በ1886 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓይነት ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጡ፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የስልክ መሥመርም ከዚያው ዘመን ጀምሮ ተዘረጋ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ዓለም አቀፉ የፖስታ ማኅበር ገባች። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ፣ የንጉሡን ታሪክ የጻፉት ሊቅ፣ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ አዲስ ይመስላል እንጂ ሥራው የቆየ ነው፤ ልዩነቱ እስከዚያ ድረስ ከንጉሡ አጠገብ ተቀምጦ ይጽፍ የነበረው ሰው አሁን መሥሪያ ቤት ያለው መሆኑ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ይህ መሥሪያ ቤት ከሁሉ የበረታ ሆነ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር፣ አዋጁ ሁሉ የወጣው በጽሕፈት ሚኒስቴር በኩል ነው፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስም እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተምና ብዕር በእጃቸው ይዘው፣ ወደ ዙፋኑ የሚገባውንና ከዙፋኑ የሚወጣውን ነገር ሲመረምሩ ኖሩ። ያን ጊዜ «ጽሕፈት» ማለት ሥልጣን ነበር፤ አንድ ወረቀት ዛሬ ይቀርባል ወይስ ለሰኞ ይቆያል ብሎ የሚወስን ሰው፣ በወረቀቱ ላይ ከሚወስነው ሰው እምብዛም የራቀ አይደለምና።

የጽሕፈት መኪና መምጣቱ ደግሞ ሌላ ለውጥ አመጣ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ብንቈጥራቸው 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ በአንድ መኪና ቁልፎች ላይ ማኖር ስለማይቻል፣ ኢንጂነር አያና ብሩና ሌሎችም ፊደሉን ቆራርጦ ምልክቱን ለብቻ በመምታት መላ ለማበጀት ደከሙ። በመኪና የተመታው ፊደል የቁም ጽሕፈት ውበት የለውም፤ ዓይን የለመዱ አዛውንት ዳዊት ደጋሚዎች ቅንድብ የተላጨ ፊት ይመስላል ይሉት ነበር ቢባል አይደንቅም። ግን ካርቦን ገብቶ ሦስት አራት ቅጂ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ፣ «ግልባጭ» የሚባለው ነገር ተወለደ፤ ከዚህም በኋላ ደብዳቤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር ቃል መሆኑ ቀረ። አለቃው ያውቅ ዘንድ፣ ጎረቤቱ መሥሪያ ቤት ያውቅ ዘንድ፣ መዝገብ ቤቱም ያስቀምጥ ዘንድ የሚጻፍ ሆነ፤ ጸሐፊውም ከተቀባዩ ይልቅ ግልባጭ የሚደርሳቸውን እያሰበ ቃሉን ማድበስበስ ተማረ። በዚሁ ዘመን «ጉዳዩ» የሚለው መሥመር ከሰላምታው በላይ ተሰምሮበት መቀመጡን ግን አመሰግናለሁ፤ ክቡርነትዎ፣ በታላቅ ትሕትና፣ እጅ ነሥቼ እያለ ገጹን ለሚጨርሰው ሰው ነገሩ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ እንዲናገር ግድ ብሎታልና። ሰላምታው ራሱ ከንቱ ነገር አይደለም፤ ማን ለማን እንደሚናገር ያስታውቃል፤ ጉዳዩን የዋጠው ዕለት ነው ነውር የሚሆነው።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ክቡርና ክብርት ወርደው «ጓድ» ወጣ፤ በግርጌውም «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» የሚለው ተጻፈ። ቃሉ ተለወጠ፤ ቦታው ግን ባዶ አልቀረም፤ ጳውሎስ ሰላምታ ባስቀመጠበት በዚያው መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ባልደራባም እንዲሁ ስሙን ለውጦ፣ በአለቃው በር ላይ ያለ ጸሐፊ፣ ጉዳይ ተከታታይ፣ ወይም «እሱ ዘንድ የሚቀርብ ሰው አውቃለሁ» የሚል ዘመድ ሆኖ ኖረ።

የጥንቱን የጸሐፌ ትእዛዝ ሥራ በታናሹ ዛሬም ማየት የሚፈልግ ሰው በየፍርድ ቤቱ ደጅ፣ በጥላ ሥር ወደ ተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ይሂድ። ባለጉዳይዋ እናት ገና ከመቀመጧ የደረሰባትን ሁሉ ልትዘረግፍ ስትል፣ እሱ ብዕሩን አንሥቶ መጀመሪያ የሚጠይቃት «ለየትኛው ችሎት ነው፣ እማማ?» ብሎ ነው። ይህን ካወቀ በኋላ ዝም ብሎ ይሰማታል፤ ለቅሶዋን አያቋርጥም፤ አማትዋንና የጎረቤትዋን ነገር ግን አይጽፈውም። የተወሰደባት መሬት የት እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ወሰደባት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ ምን ማስረጃ እንዳላትና ምን እንዲደረግላት እንደምትለምን፣ እነዚህን ብቻ ለቅሞ በአንድ ገጽ ያሰፍራል። ከዚያ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ «አልበዛም ወይ ያሳጠርከው?» ስትለው፣ «ዳኛው ብዙ ሰው አለባቸው እማማ፤ የቀረውን ሲጠይቁዎት በቃልዎ ይነግሯቸዋል» ይላታል። ጣትዋን በቀለሙ ነክራ ከስምዋ በታች ታትማለች፤ እሱም ለመዝገብ ቤት ስትሰጥ ቁጥር ሳትቀበል እንዳትወጣ አስጠንቅቆ፣ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ይጠራል።